ዱፍቲ ወይስ ዱፍቱ

ኃይለየሱስ ሰው ሁሉ «አስጠግነው እንጂ!» እያለ ሲጨቀጭቀው ኖሮ ያላስጠገነው አንድ በር አለው። የፔጆው የቀኝ በር ነው። ከውስጥ አይከፈትም፤ ከውጭ ብቻ። ስለዚህ በደረሱበት ከተማ ሁሉ እሱ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ በመኪናው ፊት ይዞራል፣ እጀታውን ትንሽ ወደ ላይ አንሥቶ ይከፍታል። ዓሻ ደግሞ የሚኒስትር ሚስት ይመስል ሻሿን አስተካክላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች።

«አሁንም አላስጠገንከውም?» ትለዋለች።

«ካስጠገንኩትማ ጥለሽኝ ትወርጃለሽ» ይላታል።

ይቺን ቀልድ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሏት አትጠይቁኝ። ሽማግሌ ሲፋቀር ቀልዱ አንድ ነው፤ እሷኑ እያሞቁ ይበሏታል።

እሱ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ እሷ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ወጥተዋል። ልጅ አልተሰጣቸውም። ጡረታ በወጡ ሰሞን ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ግድግዳ ሲያዩ ከረሙ። አንድ ቀን ዓሻ ብድግ ብላ «እኔ ወላሂ ግድግዳ እያየሁ አልሞትም» አለች። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው መንገድ ላይ ነው። ደንገጎን ሽቅብ ወጥተው ቀርሳ፣ ወተር፣ ጨለንቆ። ገበያ በዋለበት ሁሉ ፔጆውን ጥላ ሥር ያቆማሉ፣ በእጅ የምትዞረዋን የስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ ያወጣሉ፣ ይሰፋሉ። ይሰፋሉ ያልኩት አውቄ ነው። ዓሻ ጨርቁን በሁለት እጇ ትመራለች፤ እጀታውን የሚያዞረው ኃይለየሱስ ነው። «ሂድ!» ስትለው ይሄዳል፣ «ቀስ!» ስትለው ቀስ ይላል። የገበያው ሴቶች ከበው የሚቆሙት ለቀሚሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወንድ ልጅ ሲታዘዝ ለማየትም ነው።

ከሴቶቹ ጋር የምታወራው ዓሻ ናት። የኃይለየሱስን ኦሮምኛ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም፤ ታሪክ አለው።

ሲጋቡ ዘመድ የሚባል አልቆመላቸውም። እሱ ከደጋ የመጣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ክርስቲያን። እሷ የጀልዴሳ ልጅ፣ ሙስሊም። በእሱም ቤት ተለቀሰ፣ በእሷም ቤት ተለቀሰ፣ ከዚያ ሁለቱም ቤት በሩን ዘጋ። ለመፈራረም ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ለእሷ ምስክር ሊሆኑ የመጡ አንድ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ሲጠብቁ ሰለቻቸውና ሙሽራዋ ትመጣለች ወይ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁት። ኃይለየሱስ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ «ሂን ዱፍቱ!» አላቸው።

ትመጣለች ማለቱ ነበር። ኦሮምኛው ግን አትመጣም ነው። ትመጣለች «ዱፍቲ» ነው። ቲ ስትሆን ትመጣለች፣ ቱ ስትሆን ቀረች፤ እሱ ሁለቱን ገልብጦ ነው የተማራቸው። ሽማግሌው ተነሡ። ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ አላህ ሌላ ይሰጥሃል» ብለው ሲወጡ በሩ ላይ ከሙሽራዋ ጋር ተጋጩ።

ዓሻ ነገሩ ሲገባት በነጭ ቀሚሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ምን እንዳጠፋ ቢለምናት አልነገረችውም።

«አትማር» አለችው። «ኦሮምኛህ እንዲሁ ይቆይ። ለእኔ ይገባኛል፣ ይበቃል።»

አልተማረም። ሌላው ሰው ሲስቅበት በአነጋገሩ የሚስቅ ይመስለዋል። እሷም ብትሆን ቤት ውስጥ በእሱ አፍ ነው የምታወራው። ጎረቤት ሄዳ ስትቆይበት ከግቢው ይጠራታል፤ ከአጥሩ ማዶ «ዓሻ ሂን ዱፍቱ!» ትላለች። መጣሁልህ ማለቷ ነው። አገር በሙሉ በአንድ መዝገበ ቃላት ሲኖር፣ እነሱ ለሁለት የራሳቸውን ይዘው አረጁ።

*

ነሐሴ ላይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ሰሞን፣ የዓሻ ወንድም ዐብዲናሲር መጣ።

ከሠርጓቸው ወዲህ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ሴት ልጁን ሱሀይራን አስከትሏል፤ ብርቱካንማ ሻሽ ያሰረች፣ ከተማው የደነቃት፣ አማርኛ የማትሰማ ልጅ። ኃይለየሱስ ወንበር አወጣ። ዐብዲናሲር ወንበሩን አየውና ቆሞ ቀረ። ለእህቱ በኦሮምኛ ዝግ ብሎ ተናገረ። ኃይለየሱስ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ለቀም አደረገ፤ «ኑ ቢራ ታኢ» የምትል። እኛ ጋ ተቀመጪ ማለት ነው። ከስንቱ የሚያደናግር ቃል መርጦ በትክክል የገባው ይሄ መሆኑ! ምናለ እሱም ባልገባው።

እንግዶቹ በር ላይ ሲጠብቋት ጠየቃት።

«ምን አለሽ?»

«እናቴ አሟታል። ዓሻን አምጡልኝ ብላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይላል?» አለችና ያልተቆረጠ ክር በጥርሷ በጠሰች።

ዓሻ ዋሽታው አታውቅም። ስትዋሽ ምን እንደምትመስል ያየው ያን ጊዜ ነው። ለምን እንደዋሸችው ግን አልጠየቀም። ከእናቷ የወሰድኳት እኔ ነኝ፣ አለ በልቡ። እናቷ መልሳ ብትወስዳት ማን ነኝ ብዬ እጮኻለሁ?

ወደ ጀልዴሳ የሚሄደው አይሱዙ ከወንዙ ማዶ፣ ከቀፊራ ነው የሚነሣው። ሸኛት። ጓዟን አቀበላት።

«ዓርብ እመጣለሁ» አለችው። «የፔጆውን ዘይት አይተህ ጠብቀኝ።»

«ካልመጣሽስ?»

ዓሻ አየችው። በዓይኗ «ይሄም ይጠየቃል?» አለችው። በአፏ ግን ያው ዓሻ ናትና ቀለደች። «ካልመጣሁማ ሂድ። የልጆች ዩኒፎርም ነው፤ መስከረም ዓሻን ብሎ አይቆምም።»

ኃይለየሱስ አፏን ሰማ፣ ዓይኗን አላየም። አይ ወንድ!

ስልኩ እሱ ጋ ቀረ። ሁለት ሆነው አንድ ስልክ ነው ያላቸው። ተለያይተው አያውቁማ፤ ሁለተኛውን ገዝቶ ማን ለማን ሊደውል? ቻርጅ ላይ የምትሰካውም የምትነቅለውም እሷ ናት።

*

ዓርብ ጠዋት ተላጨ። እንደ ጎረምሳ ሸሚዝ ቀየረ። የፔጆውን መስታወት ወለወለ፣ የቀኙን ወንበር ሁለት ጊዜ።

ከሰዓት ላይ ተራራው ጠቁሮ ነበር። ድሬ ላይ ጠብታ ሳትወርድ ደቻቱ መጣ። ደረቅ አሸዋ ሆኖ የከረመው ወንዝ በአንድ ጊዜ ቡናማ ጎርፍ ሆኖ ተነሣ፤ ግንድ ያንከባልላል፣ ጎማ ያንከባልላል፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አልጋ ይዞ ያልፋል። ድልድዩ ላይ ገመድ ተወጥሮ ሰው ተከለከለ። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ፣ ይሄኛው ዳር ያኛውን ዳር ቆሞ ያያል።

ኃይለየሱስ ሕዝቡን እየገፋ እስከ ጠርዙ ወረደ። ማዶ፣ በቀፊራ በኩል፣ ብርቱካንማ ሻሽ አየ። ሱሀይራ! ብቻዋን ናት። እጇን እያወዛወዘች ትዘላለች። ዓሻ ግን አጠገቧ የለችም።

«ዓሻስ?» ብሎ ጮኸ። «ዓሻ የት አለች?»

ልጅቷ ሁለት እጇን አፏ ላይ እንደ ጡሩምባ አድርጋ ጮኸች። ውሃው ግማሹን በላው። ጫፉ ደረሰው።

«አዳዳ ዓሻ... ዱፍቲ! ዱፍቲ!»

አክስቴ ዓሻ ትመጣለች፣ ነው ያለችው። ልጅቷ ማልዳ አሮጊት ጎረቤታቸውን ሐኪም ቤት ይዛ ስትመጣ አክስቷ ልካባት ነው፤ ነገ ደርሳለሁ በይልኝ፣ እንዳያስብ፣ ብላ። እናንተ ኦሮምኛ የምታውቁ አንባቢዎች አሁን ብትጮኹ ምን ዋጋ አለው? እዚያ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው አይሰማችሁም። እሱ የሰማው በዕድሜ ልክ መዝገበ ቃላቱ ነው።

አትመጣም።

ልጅቷ እየሳቀች እጇን ታወዛውዛለች። ለምን ትስቃለች? አለ ኃይለየሱስ። ምናልባት ደስ ብሏቸው ይሆናል። ዓሻ ቤቷ ገብታለች።

እሱም እጁን አወዛወዘ። ከዚያ እጁን ለማውረድ ረስቶት፣ ልጅቷ ከሄደች በኋላም እንደተሰቀለ ቆየ።

*

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ሂድ ብላው የለ? ያለቀውን ዩኒፎርም በየስሙ አሥሮ ጫነ። የስፌት መኪናዋንም ጫናት። ምን ሊያደርግባት እንደሆነ አላወቀም፤ ቤት ትቷት መሄድ ግን ከበደው።

የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ጉም ወረደ። ዓሻ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ መስኮቱን ዝጋ ትለዋለች፣ እሱ ትንሽ ይክፈት ይላል፣ እስከ ቀርሳ ይጨቃጨቃሉ። ዛሬ መስኮቱ ክፍት ነው። ማንም አልከለከለውም። ብርድ ገባ፣ እሱም አልዘጋውም፤ ቢዘጋው የተሸነፈላት ይመስል።

ቀርሳ ደረሰ። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ በመኪናው ፊት ዞረ፣ እጀታውን ወደ ላይ አንሥቶ የቀኙን በር ከፈተ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

በሩን ይዞ ቆመ። አንድ ጫት ሻጭ ሴትዮ እያየችው ነው። እንደው የሆነ ዕቃ የሚፈልግ መስሎ ወንበሩ ሥር ጎንበስ አለ፤ ያገኘው ዓሻ የበላችውን የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ነው፤ የደረቀ። ኪሱ ከተተው።

ደንበኞቹ ተሰበሰቡ። ዩኒፎርሙን በየስሙ አደለ። ሴቶቹ ግን ልብሱን ተቀብለው አይሄዱም፤ አንገታቸውን ወደ መኪናው ሰገግ አድርገው «ዓሻስ?» ይሉታል። አንዷ ልታጠብብ፣ አንዷ ልታሳጥር፣ አንዷ እንዲያው ወሬ ልታወራ።

«ዱፍቲ» አላቸው፤ አንገቱን ደፍቶ። በእሱ ቤት አትመጣም ማለቱ ነው።

ሴቶቹ ደስ አላቸው። እዚያው ጥላው ሥር ቁጭ አሉ፣ ቀሚሳቸውን ዘርግተው፣ ተንፈላሰው። አንደኛዋ ሙዝ አወጣች።

ኃይለየሱስ ተቀየመ። ሚስቴ ጥላኝ ሄደች ብሏቸው ሙዝ ይበላሉ? ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ አይወዷትም ነበር! ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ አንዷ «የት ትሄዳለህ?» ብላ ከኋላው ጮኸች። ሞተሩን አስነሣ።

ወተርም እንደዚያው። «ዓሻስ?» «ዱፍቲ።» ፈገግታ። ቁጭ። አንድ ሽማግሌማ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጨበጠው።

አልጋ በተከራየበት ቤት ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነው፤ «ዛሬ ብቻህን?» እራት ሲያዝ አስተናጋጇ ለምዳ ሁለት ሹካ ታመጣለች፤ አንዱን ከፊቱ እስክታነሣው ምግቡን አይነካም። ስልኩ ከመጀመሪያው ቀን ሞቷል። መሞቱንም ልብ አላለም። ከእሷ ሌላ ማን ይደውልለታል?

ሰው ብቻውን ሲሆን የሚከብደው ትልቁ ነገር እንዳይመስላችሁ። ትንሿ ናት። ከፊት ለፊት ግመል መንገድ ሲያቋርጥ «አየኸው? አንተን ይመስላል» የሚል ሰው ማጣት። ግመሉ አለፈ፤ ኃይለየሱስ ፍሬን ይዞ፣ ግመሉ ከሄደ በኋላም እዚያው ቆሞ፣ የሚሰድበው ሰው ጠበቀ።

በየደረሰበትም በሩን ከፈተ። እግሩ ነው የሚሄደው እንጂ እሱ አይደለም። ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

*

ጨለንቆ ላይ አዴ ኑርቶ አገኘችው። አዴ ኑርቶ ጥርሷ የረገፈ፣ ምላሷ ግን ያልረገፈ አሮጊት ናት። የልጅ ልጇ ቀሚስ እንዲያጥርላት ብላ ከጠዋት መጥታለች።

«ዓሻስ?»

«ዱፍቲ፣ አዴ ኑርቶ።»

«አሃ» ብላ ከጎማው ጥግ ተቀመጠች።

ኃይለየሱስ ዩኒፎርሙን አደለ። አዴ ኑርቶ አለች። ጥላው ዞረ። አዴ ኑርቶ ከጥላው ጋር ዞራ ተቀመጠች። ገበያው ሳሳ፣ ፍየል የገዛው ፍየሉን እየጎተተ ሄደ፤ አዴ ኑርቶ አለች። ኃይለየሱስ የታመቀው ሁሉ ፈነዳ።

«አዴ ኑርቶ፣ ሂጂ እንጂ ወደ ቤትሽ! ነገርኩሽ እኮ!»

«ነገርከኝ» አለች በአማርኛ። «ትመጣለች አልክ። እጠብቃለሁ። ምን ትጮህብኛለህ?»

«መቼ ነው ትመጣለች ያልኩት?»

«ዱፍቲ አላልክም?»

«ብያለሁ! ዱፍቲ! አትመጣም!»

አሮጊቷ መጀመሪያ አየችው። ከዚያ በከዘራዋ ጫማውን መታችው፤ በደንብ ነው የመታችው።

«አንተ ሽማግሌ! ዱፍቲ ትመጣለች ነው! አትመጣም ሂን ዱፍቱ ነው! ይሄን ሁሉ ዘመን ኦሮሞ አግብተህ ማን አስተማረህ?»

«ዓሻ...» አለ። «ዓሻ አትማር አለችኝ።»

 ጆሮው ውስጥ ደቻቱ መጣ። ብርቱካንማ ሻሽ፣ እየዘለለች፣ እየሳቀች። ዱፍቲ! ዱፍቲ! ቲ ነበረች። ቱ አልነበረችም። ጥርሷ ይታይ ነበር፤ ቱ ሲባል ጥርስ አይታይም።

ትመጣለች ብለውታል፤ እሱ ጥሏት ሄዷል።

ዓሻ ቅዳሜ ጓዟን ተሸክማ፣ ከእናቷ ቤት ይልቅ እሱን መርጣ መጥታ፣ የተቆለፈ በር አግኝታለች። ሰምቶ እንደሄደ ነው የምታስበው። ከዚህ ወዲህ ወንድሟ «ይኸው፣ ይኸው ሰውሽ!» ቢላት ምን ትመልሳለች?

«አዴ ኑርቶ፣ ተነሺልኝ ከጎማው ሥር!»

«ቀሚሴስ?»

«ይዤያት እመጣለሁ! ዱፍ... ዱፍ...» አፉ ተሳሰረ። አሁንማ አንዱንም ቃል ማመን አቃተው።

*

ደንገጎን ቁልቁል እንዴት እንደወረደው እሱም አያውቅ። ከዚራ ሲደርስ ጎረቤታቸው የኔነሽ በሯ ላይ ቆማለች፤ ክንዷን አጣምራ። ይህች ሴት ክንዷን ስታጣምር መንገድ መቀየር ነው የሚሻለው፤ እሱ ግን መሄጃ የለውም።

«ደህና ገባህ ጋሽ ኃይሌ!» አለች። «ሸንኮራ ይዘህልን መጣህ?»

«የኔነሽ፣ መጣች?»

«መጣች እንጂ። ቅዳሜ። እናቷ ተሽሏት፣ ለባልሽ ብላ ማር ልካልህ። ማሩን ታቅፋ በርህ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ዓርብ አልነገረችውም ወይ ብትለኝ፣ እኔማ ምን ላውቅ! ወንዙ ዳር አብሮህ የቆመ ሰው ‹ልጅቷ ትመጣለች ብላ ስትጮህ እኔም ሰምቻለሁ፣ እሱም እጁን አወዛወዘላት› አለ። ደወልን፣ ስልክህ ዝግ። ደወልን፣ ዝግ። ‹እየሰማ ሄደ?› አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ወዲያ እኔ ቤት ተኝታ ስትነሣ፣ እህል አፏ አልገባም።»

«አሁን የት አለች?»

«ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። ማሩን እንኳን ተዪለት ብላት፣ ትታልሃለች። ወደ ቀፊራ ሄዱ፤ አሁን ነው፣ ብትሮጥ...»

ሮጠ። ፔጆውን በሩ ላይ ክፍቱን ትቶ፣ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ ሮጠ።

ደቻቱ ግን ቀድሞት ደርሶ ነበር። ተራራው ላይ ዘንቧል፤ ያው ቡናማ ውሃ፣ ያው የተወጠረ ገመድ፣ ያው በሁለት ዳር የቆመ ሕዝብ። ማዶ ዓሻን አያት። ወይንጠጅ ሻሿን። ጓዟ እግሯ ሥር ነው፣ ዐብዲናሲር አጠገቧ፣ አይሱዙው ከኋላቸው ይጭናል።

«ዓሻ!»

ዞረች። አየችው። ፊቷ ከዚህ አይታይም፤ ግን ትከሻዋን ያውቀዋል። እንዲህ ቀጥ የሚለው የተጎዳች ጊዜ ነው።

«ዓሻ! ተሳስቼ ነው!»

«ስልክ ደውልላት እንጂ አባ!» አለው አንድ ጎረምሳ፤ ሰው ሳቀ።

«ስልኩ ሞቷል! የምትሞላው እሷ ናት!» ብሎ መለሰለት፤ ሰው የባሰ ሳቀ። እሱ ግን ሳቁን አልሰማውም። «ዓሻ! ዱፍቲ ስትለኝ አትመጣም መሰለኝ! ገልብጬ ነው የማውቀው! ዕድሜዬን ሙሉ!»

ኦሮምኛ የሚያውቁት ፈነዱ። ለማያውቁት ያስረዳሉ፣ እነዚያም ተራቸውን ይስቃሉ። ዓሻ አልሳቀችም።

«አትማር ያልሽኝ አንቺ ነሽ!» አለ። «ቤተሰብሽ ጋ የቀረሽ መሰለኝ! መብቷ ነው ብዬ ሄድኩ! ግን ዓሻ፣ በየከተማው ወርጄ በርሽን ከፈትኩ! ቀርሳ ከፈትኩ፣ ወተር ከፈትኩ፣ ጨለንቆ ከፈትኩ! ማንም አልወረደም!»

በዚህኛው ዳር የነበረው ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ። የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ዓሻ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ሻሿን አነሣችና፣ ያ ከአጥር ማዶ የሚያውቀው ድምፅ፣ ውሃውን ተሻግሮ መጣ።

«ዓሻ ሂን ዱፍቱ!»

«ውይ» አለ ሕዝቡ። አንድ የማያውቃቸው ሰውዬ መጡና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ ወንድሜ» አሉት። ማዶ ዐብዲናሲር እህቱን በኩራት አይቶ፣ ጓዟን አንሥቶ ወደ አይሱዙው ዞረ።

ኃይለየሱስ ቆመ። አትመጣም ማለት ነው። ዛሬ ነው የተማረው፤ በከዘራ ተመትቶ ነው የተማረው። በአዴ ኑርቶ ኦሮምኛ አትመጣም። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ኦሮምኛ አትመጣም። ግን በማን ኦሮምኛ ነው የተናገረችው? በአገሩ ወይስ በቤታቸው? ምነው ባልተማርኩ፣ አለ። ባልማር ኖሮ አሁን ደስ ብሎኝ ነበር።

አንገቱን ሊደፋ ሲል ዓሻ ወንድሟን ከኋላው ስትከተለው አየ። ጓዟን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችበት። የሆነ ነገር አለችው፣ እሱም እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ከዚያ ተመልሳ እስከ ውሃው ጠርዝ መጣች፣ ጓዟን አሸዋው ላይ አስቀመጠችና ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ አየሩ ላይ አዞረችው። ክብ፣ ክብ፣ ክብ።

የስፌት መኪናዋ እጀታ ነው።

ኃይለየሱስ የሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ እሱም እጁን አነሣና ማዞር ጀመረ። ከዚህ ዳር ያለው ሰው ሽማግሌው አበደ ብሎ ዘወር አለለት። አላበደም። ያዞራል። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ የሚጠርግበት እጅ የለውም፤ አንዱ እጁ ያዞራል፣ ሌላው ባዶውን አየር፣ በር ይመስል፣ እንደያዘ ቀርቷል። ውሃው ለመጉደል ገና ነው፤ ድልድዩም እስኪመሽ አይከፈት ይሆናል። ግድ አልሰጠውም። ፈጠነ፣ የባሰ ፈጠነ።

«ቀስ!» አለችው ከማዶ።

ቀስ አለ።